ኮሌጅ በስክሪንና በእውን፦ አዲስ ገቢ ተማሪ ግምቱን የሚያስተካክልበት መመሪያ

በፊልምና በተከታታይ ድራማ የምናየው ኮሌጅ ሁሉ ነገር ፈጥኖ የሚሆንበት ቦታ ነው። ተማሪዋ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ዶርሟ ስትገባ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋን እዚያው በሩ ላይ ታገኛለች፤ በማግስቱ አንድ መምህር ሕይወቷን የሚለውጥ ንግግር ያደርጋል፤ ጥቂት ቆይቶም ጋዋን ለብሳ ቆቧን ወደ ላይ ስትወረውር እናያታለን። አራት ዓመት በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ የሚቆረጥ ነገር መኖሩ ግድ ነው፤ የሚቆረጠውም በየዕለቱ እየተደጋገመ የሚመጣው ሥራ ነው። ማንበብ፣ ያነበቡትን መርሳት፣ እንደገና ማንበብ፣ ጽፎ መሰረዝ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ከማይግባቡት ሰው ጋር የቡድን ሥራ መጨረስ፣ ብቻን ምሳ መብላት፣ እነዚህ ሁሉ ለካሜራ አይመቹም። ኮሌጅ የሚያስተምረው ግን በአብዛኛው በእነዚህ ሰዓታት ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ ተማሪ ከሁሉ በፊት ሊዘጋጅ የሚገባው ከስክሪኑ ተቆርጦ ለቀረው ክፍል ነው።

ግምትን ማስተካከል ቀላል ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሰሚስተር ብዙ ተማሪን የሚጎዳው የትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ «የእኔ ኮሌጅ ለምን እንደዚያ አልሆነም? ጉድለቱ እኔ ጋ ይሆን?» የሚለው ሐሳብም እኩል ያደክማል። ጉድለቱ ያለው በአብዛኛው በተማሪው ሳይሆን ይዞት በመጣው ሥዕል ላይ ነው።

ስለ አንድ ተራ ቀን ጠይቁ

ልትገቡበት ባሰባችሁት ኮሌጅ የሚማር የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና፣ «ኮሌጅ እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ «ያለፈውን ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት አሳለፍከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥቅል ጥያቄ ጥቅል መልስ ያመጣል፤ ተጠያቂው ራሱ ሳያውቀው ደመቅ ያሉትን ቀኖች መርጦ ስለሚተርክላችሁ የምታገኙት ሌላ አጭር ፊልም ይሆናል። ስለ አንድ ተራ ቀን ስትጠይቁት ግን ስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ባለው ባዶ ሰዓት የት እንደተቀመጠ፣ ምሳውን ከማን ጋር እንደበላ፣ የትኛውን አሳይንመንት ስንት ሰዓት ታግሎ ሳይጨርሰው እንዳደረ ይነግራችኋል። ሁለት ሦስት ሰው በዚህ መንገድ ብትጠይቁ፣ የምትሰሟቸው ቀኖች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ታያላችሁ። የምትጠይቁት ሰው ካጣችሁ ደግሞ የኮሌጁን የትምህርት ካሌንደርና የአንድ ሁለት ኮርሶች አውትላይን (መምህሩ የኮርሱን ይዘትና መርሐ ግብር የሚያሰፍርበትን ወረቀት) አንብቡ፤ ስንት ፈተና፣ ስንት ጽሑፍ፣ ስንት ገጽ ንባብ እንዳለ ከዚያው ይታያል።

በስክሪን ላይ የሚታየው ግቢ ራሱ የተባለው ግቢ ላይሆን እንደሚችል ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና የፌስቡክን አጀማመር የሚተርከው «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» የተሰኘው ፊልም ታሪኩ የሚካሄደው በሃርቫርድ ቢሆንም፣ ከግቢው ትዕይንቶች በርከት ያሉት የተቀረጹት በሌላ ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይህ ለፊልም ሥራ ነውር አይደለም። ኮሌጅ ለሚመርጥ ሰው ግን በብርሃንና በሙዚቃ የተሠራ ውበት መስፈርት ሊሆን አይገባም፤ የሚሰጡት ኮርሶች፣ ወጪው፣ መምህራኑ ለተማሪ ያላቸው ቅርበት፣ ተመራቂዎቹ የሚሠሩት ሥራ ከግቢው ዛፎች ይልቅ ይመዝናሉ።

ባዶ የሚመስለው ሰዓት

በስክሪን ላይ ተማሪው ከክፍል ከወጣ ቀኑ የራሱ ነው። የእውነቱን ሸክም ለማወቅ ግን የኮርስ ክብደት የሚለካበትን የክሬዲት ሰዓት ስሌት መረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካው ሥርዓት አንድ ክሬዲት ሰዓት ማለት በተለመደው ስሌት በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል መማር፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ መሥራት ነው። እንግዲህ በሰሚስተር 15 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ 15 ሰዓት በክፍል፣ 30 ሰዓት ከክፍል ውጭ፣ በድምሩ በሳምንት 45 ሰዓት ይጠበቅበታል። በአውሮፓ የጋራ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ስለሚታሰብ፣ ዓመቱ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይጠይቃል። በሁለቱም ስሌት ኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ከዚህ ሥራ የሚበዛው ክፍል ግን በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ ተጽፎ አይገኝም።

አዲስ ገቢ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀኑ ከደወል እስከ ደወል ተሞልቶ ይሰጠው የነበረ ልጅ፣ ኮሌጅ ገብቶ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምንም ትምህርት እንደሌለው ሲያይ ዕረፍት የተሰጠው ይመስለዋል። ቀረህ ብሎ የሚቆጣው፣ የቤት ሥራህን አምጣ ብሎ የሚያሳድደው የለም። ዝምታው እስከ ሚድ ተርም ፈተና ይዘልቅና ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት ይመጣበታል።

ይህን ለመከላከል በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሥራ ሥሩ። አንደኛ፣ የሁሉንም ኮርሶች አውትላይን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እያንዳንዱን የፈተና፣ የኩዊዝና የማስረከቢያ ቀን በአንድ ካሌንደር ላይ ጻፉ። ኮርሶቹን ለየብቻ ስታዩ የማይታወቀው፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት ሳምንት፣ በዚህ ጊዜ ፊት ለፊት ይታያችኋል፤ ለእርሱም ከሁለት ሳምንት በፊት መሥራት መጀመር ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ባዶ የሚመስሉትን ሰዓታት ስም ስጧቸው። «ሰኞ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የስታትስቲክስ ጥያቄዎች» ተብሎ የተጻፈ ሰዓት ይከበራል፤ «በዚህ ሳምንት ስታትስቲክስ አጠናለሁ» የተባለ ግን በወሬና በስልክ ያልቃል። ዕረፍትንም በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ጻፉ። ጊዜው የተቆረጠለት ዕረፍት ጸጸት የለውም።

ሌሊቱን ማደር ትምህርት አይደለም

ከስክሪን ከወሰድናቸው ሥዕሎች ሁሉ ጎጂው ይህ ይመስለኛል፤ ሙዚቃ ይከፈታል፣ የቡና ስኒዎች ይደረደራሉ፣ መጻሕፍት ይገለበጣሉ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰነፉ ተማሪ ጎበዝ ይሆንና በማግስቱ ፈተናውን ያልፋል። አእምሮ እንደዚህ አይሠራም። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ አዲስ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይቷል። በየጊዜው እየተመለሱ መከለስ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እንዴት እንደምንከልስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን የጻፉ ተማሪዎችን አወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከትዝታቸው የጻፉት በግልጽ በልጠው ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገጹ ዐይን ስለለመደው የገባን ይመስለናል፣ ፈተናው ፊት ስንቀመጥ ግን ባዶ እንሆናለን።

ስለዚህ ሌክቸር እንዳለቀ፣ ወይም በዚያው ቀን ማታ፣ ደብተራችሁን ዝጉና በባዶ ወረቀት ላይ የቀረላችሁን ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሌላ ቀለም የተጻፈው ያልገባችሁ ክፍል ነው፤ ቀጣዩን ጥናት ከእርሱ ጀምሩ። ይህንኑ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በሳምንቱ መጨረሻ ድገሙት። መጀመሪያ ላይ አድካሚና ተስፋ አስቆራጭ ሊመስል ይችላል፤ ድካሙ ግን ሥራው እየተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። እንቅልፍንም አትንኩበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የእንቅልፍ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል፤ የተማርነው ነገር በአእምሯችን እንዲጸና እንቅልፍ ትልቅ ድርሻ ስላለው፣ ለፈተና ብሎ ሳይተኙ ማደር የያዙትን እያፈሰሱ መቅዳት ነው።

ስለ ጽሑፍ ሥራም እንዲሁ ነው። በስክሪን ላይ ተማሪው አንድ ሌሊት ተመስጦ ይጽፋል፣ መምህሩም ያነባል፣ ይደነቃል። በእውን አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሦስትና አራት ጊዜ ይጻፋል፤ የሌላ ሰው ሐሳብ የተወሰደበት ቦታ ሁሉ ምንጩ ይጠቀሳል። ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥ ውጤት ከማሰረዝ እስከ መባረር የሚያደርስ ጥፋት ስለሆነ፣ ኮሌጃችሁ በዚህ ላይ ያወጣውን ደንብ የመጀመሪያውን አሳይንመንት ከማስረከባችሁ በፊት አንብቡ።

መምህሩ ጀግናም ጠላትም አይደለም

በስክሪን ላይ መምህር ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ልብ የሚያቀጣጥል፣ ወይ ተማሪ ሲያለቅስ ደስ የሚለው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በእውን የሚያገኘው ምናልባት ከመቶ በላይ ተማሪ በተቀመጠበት አዳራሽ ስላይድ እየገለጠ የሚያስተምር፣ ከማስተማሩ ጎን ምርምርና የኮሚቴ ሥራ ያለበት፣ ስማችሁን የማያውቅ ሰው ነው። አለማወቁ ንቀት አይደለም፤ በአዳራሹ ብዛት የተነሣ እናንተ ካልሄዳችሁ እርሱ ወደ እናንተ መድረሻ የለውም። መድረሻው የማማከሪያ ሰዓት ነው። መምህሩ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለተማሪዎች ክፍት አድርጎ በአውትላይኑ ላይ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያ ሰዓት ማንም ሳይመጣ ያልፋል፤ ተማሪው የሚሄደው የተጠራ ሰው ወይም የወደቀ ሰው ይመስለዋልና።

እኔ አዲስ ገቢ ተማሪን አንድ ነገር ብቻ እንድመክር ቢፈቀድልኝ ይህን እመክር ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ ችግር ሳይመጣ፣ ቢያንስ አንድ መምህር ዘንድ በማማከሪያ ሰዓቱ ሂዱ። ስትሄዱ «ምዕራፉ አልገባኝም» የሚል ጥያቄ አትያዙ፤ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፣ እናንተም የምትወጡት ሌላ ሌክቸር ሰምታችሁ ነው። የሠራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ «ሦስተኛውን ጥያቄ እስከዚህ ድረስ ሠርቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ አልገባኝም» በሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል፤ መምህሩም እንደሠራችሁ ያያል። በኢሜይል ስትጽፉ ስማችሁን፣ ኮርሱንና የምትማሩበትን ሴክሽን ከላይ አስቀምጡ፣ ጥያቄውን በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፣ መልሱ በአውትላይኑ ላይ አለመኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዓመታት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልጋችሁ የሚጽፍላችሁ ሥራችሁን ያየ መምህር ነው፤ ይህ ዕውቂያ ደግሞ በአንድ ቀን አይሠራም።

ጓደኝነት ስንት ሰዓት ይወስዳል?

በስክሪን ላይ የዶርም ጓደኛ የነፍስ ጓደኛ ነው። በእውን የዶርም ጓደኛ ብዙ ጊዜ በዕጣ ወይም በቅጽ የተመደበ፣ በሌላ ሰዓት የሚተኛ፣ ክፍሉን በሌላ መንገድ የሚያስተካክል ሰው ነው። ከእርሱ ጋር በሰላም መኖር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጸጋ ነው። ለሰላሙ ሲባል ሁለታችሁም ገና በትሕትና በምትነጋገሩበት በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አራት ነገር ተስማሙ፤ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ እንግዳ መቼ ይመጣል፣ የትኛው ዕቃ የጋራ ነው፣ ክፍሉን ማን መቼ ያጸዳል። እነዚህ ከተቀያየሙ በኋላ ሲነሡ ክስ ይሆናሉ፣ አስቀድሞ ሲነሡ ግን ደንብ ብቻ ናቸው።

እውነተኛው ወዳጅነት የሚመጣው ከመደጋገም ነው። ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተወዳጀ ሲያጠኑ፣ የቤቶቹ መቀራረብና በመተላለፊያ መገናኘት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አገኙ፤ ሰዎች አብዝተው የተወዳጁት በራቸው ከሚቀራረብ ጎረቤቶች ጋር ነበር። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ያህል፣ ወደ ቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚያስፈልግ ገምቷል። በሁለተኛው ሳምንት የቅርብ ጓደኛ የሌለው ተማሪ እንግዲህ ምንም አልጎደለበትም፤ ሰዓቱ ገና አልሞላም።

ሰዓቱን ለመሙላት በየሳምንቱ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የሚደረግ ነገር ምረጡ። አንድ ክበብ፣ የስፖርት ቡድን፣ የጥናት ቡድን፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሊሆን ይችላል። የአንድ ምሽት ትልቅ ድግስ ብዙ ፊት ያሳያል፤ እነዚያኑ ስምንት ሰዎች ለአሥር ሳምንት ማየት ግን ወዳጅ ያፈራል። በሌክቸር ጊዜም በተመሳሳይ አካባቢ ተቀመጡ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሰላምታ፣ በአምስተኛው የደብተር ልውውጥ፣ ከዚያ ደግሞ የጥናት ጓደኛ ይሆናል።

ድግሱን በተመለከተ፣ ስክሪኑ ኮሌጅ ሁሉ በየምሽቱ የሚጠጣ አስመስሎ ያሳያል፤ ተማሪዎችም ይህን አምነው ይገባሉ። ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ሌሎች ተማሪዎች ስለ መጠጥ ያላቸውን አቋም ከእውነቱ ይልቅ ልቅ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ይህ ማለት በድግሱ ላይ «ሁሉም ይፈልጋል፣ እኔ ብቻ አልፈልግም» ብሎ የሚጠጣ ሰው፣ ምናልባት ልክ እንደ እርሱ በሚያስብ ሰው አጠገብ ቆሟል ማለት ነው። አለመጠጣት፣ አለመሄድ፣ ቀድሞ መውጣት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል።

የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት

በክፍሉ አንደኛ ሆኖ የመጣ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ ሁሉም በየክፍላቸው አንደኛ ከነበሩ ሰዎች መካከል ይቀመጣል። የመጀመሪያው ኩዊዝ ዝቅ ብሎ ሲመለስ «በስሕተት ነው እዚህ የገባሁት» የሚል ስሜት ይመጣል። የሥነ ልቡና ባለሙያዎቹ ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ስሜት የገለጹት ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ሴቶች አጥንተው ነበር፤ ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ሴቶች አንድ ቀን አስመሳይነታችን ይጋለጣል ብለው ይፈሩ ነበር። ስሜቱ ስለ ችሎታችሁ የሚመሰክረው ነገር የለም።

በስክሪን ላይ ውድቀት ወይ የታሪኩ መጨረሻ ነው፣ ወይ በአንድ ንግግር ይገለበጣል። በእውን ግን የሚሠራበት ሥርዓት አለው። የፈተናውን ወረቀት ወስዳችሁ እያንዳንዱን የጠፋ ነጥብ መድቡ፤ ያላነበብኩት፣ አንብቤ ያልገባኝ፣ ገብቶኝ ጊዜ ያለቀብኝ፣ ጥያቄውን አጥርቼ ያላነበብኩት። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ የተለያየ ነው፤ ጊዜ ያለቀበት ተማሪ በሰዓት ተገድቦ መለማመድ እንጂ ምዕራፉን እንደገና ማንበብ አይረዳውም። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ መምህሩ ዘንድ ሂዱ። ኮርሱን መተው የሚያስፈልግ ከመሰላችሁም የመልቀቂያውን የመጨረሻ ቀን ከሬጂስትራር (ከምዝገባ ቢሮው) አረጋግጡና ከአድቫይዘራችሁ (ከተመደበላችሁ አማካሪ መምህር) ጋር ተመካከሩ፤ አንዳንዱ ኮርስ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ አንዱን መተው ምረቃን በዓመት ሊያዘገይ ይችላል።

ስለ ገንዘብ ስክሪኑ ብዙም አይናገርም፤ ባለታሪኮቹ ሲሠሩ ሳናይ ይኖራሉ። በእውን ብዙ ተማሪ እየሠራ ይማራል፣ ብዙው በዶርም ሳይሆን ከቤተሰቡ ወይም ከልጆቹ ጋር ይኖራል፣ ዕድሜውም ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ሁለት ብቻ አይደለም። እየሠራችሁ የምትማሩ ከሆነ ቀደም ሲል ያሰላነውን የሳምንት ሰዓት ከሥራ ሰዓታችሁ ጋር ደምሩና፣ ድምሩ ከእንቅልፍ የሚወስድ ከሆነ ክሬዲቱን ቀንሱ። የክፍያ፣ የምዝገባና የነጻ ትምህርት ማመልከቻ ቀኖችንም ከፈተናዎቹ ጋር በዚያው ካሌንደር ላይ አስፍሩ።

ናፍቆትና ብቸኝነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውና ቦታ እየተለመዱ ሲሄዱ ይቀልላሉ። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅ የሚቆይ ሐዘን፣ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅት የሚደርስ ድካም፣ የምግብና የእንቅልፍ መዛባት፣ ይልቁንም በሕይወት የመኖር ፍላጎት ማጣት ከታየባችሁ ወይም ከዶርም ጓደኛችሁ ካያችሁ፣ ወደ ኮሌጁ የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለም ብቻን አለመሆን፣ ለምታምኑት ሰው ወዲያው መንገርና የድንገተኛ እርዳታ መጥራት ይገባል። የአገልግሎቱን ቢሮና ስልክ ግቢ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አፈላልጋችሁ በስልካችሁ ላይ መዝግቡት።